የአገሯ ስም በእጅ ሲጠራ

"ቆይ፣ ቆይ!" አለ ካሜራ ማኑ። "እጅጌው አሁንም ወረደ። ጣታቸው ብቻ ነው የሚታየኝ።"

የመምህሩ ልጅ ካሜራ ማኑ ያለውን በእጇ ለአባቷ አስተላለፈች። መምህሩ መስማት ያቆሙት ገና በአራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በምልክት ቋንቋ አስተምረዋል። ዛሬ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ግራጫ ጨርቅ በተወጠረበት ግድግዳ ፊት ቆመው፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸውን ምልክቶች ለቪዲዮ መዝገበ ቃላት እያስቀረጹ ነው። የቤተሰብና የሙያ ምልክቶች ባለፈው ሳምንት አልቀዋል። የዛሬው ተራ የአገር ስሞች ነው፤ አርባ አገር። ካሜራው የውሰት ስለሆነ እስከ አሥር ሰዓት መመለስ አለበት።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ፣ መርፌዋን ይዛ ብድግ አለች። የመምህሩን ጥቁር ኮት የሰፋችው እሷ ናት፤ እሷም አትሰማም። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፋ በሁለት ሦስት ስፌት ያዘችላቸውና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

"ሃያ ሦስተኛ" አለች ልጃቸው፤ የአገሩን ስምም ከዝርዝሩ ላይ በጣቷ አሳየቻቸው።

መምህሩ ቡጢያቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ጫኑት። ያ አገር ድሮ ረኀብ ገብቶበት ነበር። የተራቡት ሰዎች ፎቶ በየጋዜጣው ከወጣ ወዲህ እዚህ ያለ መስማት የተሳነው ሰው ሁሉ አገሩን የሚጠራው እንዲህ ነው።

ሰፊዋ አቀረቀረች። ከመምህሩ ዓይን ደግሞ የሚያመልጥ ነገር የለም።

"ምነው?" አሏት በእጃቸው።

"ምንም። ይቀጥሉ።"

"ፊትሽ ግን ሌላ ነው የሚለው።"

መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ ሰክታ እጆቿን ነጻ አደረገች። "የኔ አገር ነው" አለች።

"አውቃለሁ እኮ።"

"እዚህ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ከየት ነሽ ባሉኝ ቁጥር ሆዴን እየጫንኩ ነው የምመልሰው። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ያዩኝና 'ታዲያ እንዲህ የወፈርሽው እንዴት ነው?' ይሉኛል።" ራሷ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን አልቆየም። "እኔ ስወለድ ረኀቡ አልፎ ነበር። እናቴ እንኳ በወሬ ነው የምታውቀው።"

"ምን እያለች ነው?" አለ ካሜራ ማኑ።

ልጃቸው አመነታች። አባቷን በባዳ ሰው ፊት ማሳፈር ከበዳት። እሳቸው ግን ዞር ብለው፣ "ንገሪው፤ ሳታሳጥሪ" አሏት። ሳታሳጥር ነገረችው።

"እንዴ፣ ምልክት ነው እንጂ ስድብ መቼ ሆነ!" አለ ካሜራ ማኑ ሰዓቱን እያየ። "ሰው የለመደው ነገር ነው። ኧረ ጊዜ የለንም።"

መምህሩ ወደ ሰፊዋ ተጠጉ። "እናንተስ በአገራችሁ እንዴት ትጠሩታላችሁ?"

ሰፊዋ ሁለቱን አመልካች ጣቶቿን ከግራና ከቀኝ አመጣች። መሐል ላይ ጎን ለጎን ተገናኙና አንድ ላይ ወደ ፊት ሄዱ።

"ሁለት ወንዞች ናቸው" አለች። "ከከተማችን በታች ይገናኙና ከዚያ ወዲያ አንድ ናቸው። የሚሰሙት ሰዎች አገሩን የሚጠሩበት ስምም በጥንቱ ቋንቋችን ትርጉሙ ይኸው ነው፤ መገናኛ ማለት ነው።"

መምህሩ ሞከሩት። ጣቶቻቸው ተጋጩ። ሰፊዋ እጃቸውን ይዛ አስተካከለችላቸው። "ቀስ ብለው ነው የሚገናኙት፤ እንደሚጣላ ሰው አይደለም።" ሁለቴ ደገሙት። በሦስተኛው ተሳካላቸው።

"ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?"

"የእናንተን ምልክት ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? መምህር እንዴት ይታረማል ብዬ ነው።"

መምህሩ ያስተማሯቸውን ልጆች አሰቡ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንቱ ልጅ ፊታቸው ቆሞ ሆዱን ሲጫን "ጎበዝ!" ብለውት ይሆን? ከዚያ ኮቱን አወለቁና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

"አንቺ ቁሚ።"

"እኔ? እዚያ ካሜራ ፊት?"

"የአገርሽን ስም ልጆቹ ከአንቺ እጅ ይማሩት እንጂ።"

ሰፊዋ ግራጫው ጨርቅ ፊት ቆማ ቀና አለች። ወንዞቹ በእጆቿ ላይ ተገናኝተው ሄዱ። ልጃቸው የምታየው ግን አባቷን ነበር። በእውቀታቸው ስትኮራ ኖራለች። እንዲህ አላውቅም ብለው እንደ ተማሪ ከጎን ሲቆሙ ማየት ግን ይበልጥ አኮራት።

"አሪፍ!" አለ ካሜራ ማኑ። "ቀጥሎ ሃያ አራት።"

መምህሩ ቆይ ለማለት እጃቸውን አነሱ። ዝርዝሩን ተቀብለው በእርሳስ ምልክት ማድረግ ጀመሩ፤ አንዱን ይተዋሉ፣ ሁለቱን ይሰርዛሉ።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"የአገሩን ሰው ጠይቄ ያገኘሁት የቱ እንደሆነ እያየሁ ነው።"

ከአርባው አሥራ አንድ ብቻ ተረፈ፤ ከሰፊዋ ጋር አሥራ ሁለት።

"የተቀረጸው ሁሉ ሊጠፋ ነው?" አለ ካሜራ ማኑ ራሱን ይዞ። "መዝገበ ቃላቱ እኮ ይሳሳል!"

"ይሳሳ" አሉ መምህሩ። እርሳሱንም ለልጃቸው ሰጧት። "በየአገሩ ላለው መስማት የተሳናቸው ማኅበር ደብዳቤ ጻፊልኝ። 'እናንተ አገራችሁን በእጃችሁ እንዴት ትጠሩታላችሁ?' ብለሽ ጀምሪ።"