የፈረመ ከሥር ይቆማል

የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጇ ከፍርሃቷ የተነሣ ከነጋ አንድ ጉንጭ ውኃ እንኳ አልወረደላትም።

የሚሠሩት ጤና ጣቢያ ነው። የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ ከተሞላ ወር አልፎታል፤ ዛሬ ከሥር የደገፉት እንጨቶች ይነሣሉ። ኮንክሪቱ ጠንክሯል ብላ የፈረመችው እሷ ናት። ፊርማውም የእሷ፣ ውሸቱም የእሷ። ሶሌታው በተሞላ ቀን ሲሚንቶ አጥሮ ነበር፤ ከዚያው ኮንክሪት ተወስዶ በሳምንቱ የተሞከረው ናሙናም ደካማ ሆኖ ተገኘ። ለመጨረሻው ምርመራ ምሰሶ ሲሞላ ከተያዘው ጠንካራ ናሙና ወሰደችና የሶሌታውን ቀን በገዛ እጇ በሚስማር ጫረችበት።

ያዘዛት አጎቷ ነው፤ የድርጅቱ ባለቤት፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት።

«የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፣ የኔ ልጅ። ኮንክሪት ሲቆይ ይጠነክራል፤ አንቺ ብቻ ነገር አታካብጂ» አላት።

እምቢ ማለት ያሳደጋትን ሰው መካድ መሰላት። ምን ታድርግ፣ ፈረመች።

ስትፈርም የፎርማኑ ሕግ ከአእምሮዋ ጠፍቶ ነበር። ሽማግሌውን ፎርማን ሠራተኛው «ውኃ ልክ» ይለዋል፤ ጠማማ ነገር አይወድማ! እሱ ባለበት ሳይት የመጀመሪያው እንጨት ሲነሣ የፈረመው ሰው ከሥር ይቆማል። ከእሷ በፊት የነበረው መሐንዲስ እጁን ኪሱ ከትቶ እያፏጨ ይቆም ነበር አሉ።

ሦስት ሰዓት ላይ ውኃ ልክ በጤና ጣቢያው በር ላይ ሆኖ ጠራት።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው!»

ገባች። ሁለት አናጢዎች መዶሻ ይዘው እንጨቶቹ መሀል ቆመዋል። አንደኛው ሚስቱ ልትወልድ ቀኗን የምትቆጥር ነው።

«አንቺ ከቆምሽ እኛ ምን እንሆናለን!» አላት እየሳቀ።

ቀና ብላ አየች። ያ ሁሉ ክብደት ከራሷ በላይ ዝም ብሏል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው። አናጢው መዶሻውን አነሣ።

«ተው! አትምታ!» ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «የተመረመረው ናሙና የዚህ አይደለም። ቀኑን የጫርኩበት እኔ ነኝ። ውጡ፣ በእናታችሁ ውጡ!»

አናጢዎቹ እየተጋፉ ወጡ። አጎቷ በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

«ደንግጣ ነው፣ ልጅ ናት። ቀጥሉ!» አለ።

ከሶሌታው ይልቅ እሱን ፈራችው። እንዳይመቱት በአጠገቧ ያለውን እንጨት በሁለት እጇ አቀፈች እንጂ ንቅንቅ አላለችም።

ውኃ ልክ መዶሻውን ከአናጢው እጅ ወሰደ። ሳይቸኩል ወደ አጎቷ ዞረ።

«እሺ አለቃ፣ እንቀጥላለን። እርስዎ ይግቡና ከሥር ይቁሙልን፤ እኔው ራሴ እመታለሁ።»

አጎቷ ወደ ላይ አየ። ስንጥቅ የለ፣ ድምፅ የለ። እግሩን ግን ደፉን አላሻገረም። ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል። ከዚያ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ።

«ነይ ውጪ፣ የኔ ልጅ» አላት። «ቶሎ ውጪ።»