የሹሏ ነጥብ ሥሮች

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ቀጭኔ ወንድሜ በተኛበት ሐኪም ቤት ኮሪደር አንገቱን ደፍቶ መጣ። ከወንድሜ ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራል፤ ቅጽል ስሙንም ያወጣለት ወንድሜ ነው። እኔ ታናሽ እህት ነኝ፤ የትየባ ሱቅ አለኝ። የሒሳብ ምልክቶችን መተየብ ራሴን አስተምሬ የወንድሜን ጽሑፎች ሁሉ የምተይበው እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻውንም እኔው ተየብኩት። ያኔ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ «ለስላሳ መስመር አስቢ፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሾላል። ሹሏን ነጥብ ለማወቅ ዓይን አይበቃም። የመስመሩን ቀመር ኃይል ከፍ ታደርጊና ዲፈረንሺያል ኦፐሬተር በሚባል መሣሪያ አንድ ደረጃ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ። ሲወርድ ፖሊኖሚያል የሚባል ሌላ ቀመር ጥሎ ነው የሚወርደው። የነጥቧ ጠባይ ያለው በፖሊኖሚያሉ ሥሮች፣ ዜሮ በሚያደርጉት ቁጥሮች፣ ውስጥ ነው።» ነጥቧን ዓይነቷ ሳይለወጥ ትንሽ ብንነካካት ሥሮቹ አይነቃነቁም፤ ይህንን አረጋገጥኩ አለ። ጽሑፉ ታተመ። ከታመመ ወዲህ መጽናኛው ይኸው ነበር። «ልጅ አልወለድኩ፤ ይህቺን ጽሑፍ ትቼ እሄዳለሁ» ይላል።

ቀጭኔ ከበሩ ውጭ አስቆመኝ።

«እህቴ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ፣ አራተኛው፣ ፈርሷል።»

«እንዴት ይፈርሳል? ስንቱን ምሳሌ አስልቶ የለም?»

«አስልቷል። ግን ሁሉም አንድ ወገን ናቸው፤ ቢነካኩም ወደ ቀድሞ መልካቸው የሚመለሱ። የማይመለስ አንድ ሞከርኩ፤ ሥሩ ዘለለ።»

«በል እንግዲህ ዋጠው። ሰውየው እኮ ሊሞት ነው!»

«ነገ ሌላ ሰው ያገኘዋል። ያኔ ማን ይመልስለታል?»

«እኔ ምን ቸገረኝ? በሰላም ይሂድልኝ።»

ከውስጥ ድምፅ መጣ፦ «ምን ትንሾካሾካላችሁ? ገና ሳልሞት አልጋዬን ትከፋፈላላችሁ?»

ገባን። ወንድሜ ትራስ ተደግፎ ነበር፤ ከፊቱ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ጽሑፍህን ሊያመሰግን ነው የመጣው» አልኩ ቀድሜ።

«ይሄ? ተዋውቀን አርጅተናል፤ አንድ ቀን እንኳ አመስግኖኝ አያውቅም። ቀጭኔ፣ አውጣው።»

ቀጭኔ እኔን አየኝ። ከዚያ ነገረው።

ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ በከንፈሩ ሲያሰላ ቆየ። «ሠላሳ አንድ ሃያኛ የነበረችው ናት የዘለለችው?»

«እሷው ናት። አሥራ አንድ ሃያኛ ሆነች።»

«በአንድ ሙሉ ቁጥር።» ሳቅ ሊመጣው ሲል ሳል ቀደመው። «ደግ ደጉን ብቻ መርጬ ፈትኜ፣ ሁሉም ደግ ነው አልኩ። ለተማሪ ዜሮ የምሰጥበት ነገር ነው እኮ!» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አሁን በር ላይ ነገረኝ።»

«ልትደብቂኝ ነበራ።»

«አዎ፣ ጋሼ። አሁንም ባትሰማው ደስ ይለኝ ነበር።»

አልተቆጣኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ቀጭኔም ወንበር ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። የቀረበለት ሻይ ቀዝቅዞ ነርሷ ስታነሳው ወንድሜ «ጻፊ» አለኝ። «ምዕራፍ አራት ሐሰት ነው። ጽሑፉን አንሥቻለሁ።»

«‹ስህተት ተገኝቶበታል› ብል አይሻልም?»

«ለማን ብለሽ ነው የምታለሰልሺው? ሐሰት ነው በይ።»

ጻፍኩ፤ አነበብኩለት፤ ላሳተመው መጽሔት ላክሁት። ይገላገላል ብዬ ነበር፤ አልተገላገለም። ረቡዕም ሐሙስም ምግብ አልቀመሰም። ምዕራፉን የሚያድን አንድ ተጨማሪ ሁኔታ ቢገኝ ብሎ ቀጭኔን ከሥሩ አላስነሳው አለ። «ይሄስ?» ይላል። ቀጭኔ ያሰላና ራሱን ይነቀንቃል። ዘመድ ሊሰናበተው ሲመጣ «ቆይ፣ ቆይ» እያለ በእጁ ይመልሳል። እኔንም መለሰኝ። ስሰናበተው ልነግረው የፈለግኩት ብዙ ነገር ነበረኝ።

ዓርብ ጠዋት አረፈ። ጽሑፉ በሚቀጥለው ወር ከመጽሔቱ ተነሣ፤ ቀጭኔና እኔ ከቀብሩ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።