በሀምዲያ ቤት የተጠራው ሽያጭ

ትሩፋት በቅርቡ በተመሠረተው ክልል አንድ ቢሮ ጸሐፊ ከሆነች ሁለት ዓመት ሞላት፤ ሥራውም ሰለቻት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የፕላስቲክ ዕቃ ከሚልክ ድርጅት ጋር ተዋዋለች። ሴቶችን በአንዷ ቤት ሰብስባ ከሸጠች፣ ከየአምስቱ ብር አንዱ ኮሚሽኗ ነው። ገበያ አውጥቶ መሸጥ ግን በውሉ ክልክል ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ከሠመረላት ቢሮውን ልትለቅ ቆርጣለች።

ጎረቤቷ ሀምዲያ ቤቷን ፈቀደችላት፤ አሥራ አንድ ሴቶችም ጠራችላት። ትሩፋት ውሃ የሞላ ዕቃ ከድና ዘቀዘቀች፤ ጠብ አላለም። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሂባ የምትባለው ቀልደኛ ከመቀነቷ ገንዘብ ስትፈታ ግን ሀምዲያ እጇን ያዘቻት።

«ወላሂ አይሆንም! የጠራሁት እንግዳ እኔ ቤት ገንዘብ አይከፍልም።»

«እትዬ ሀምዲያ፣ ሽያጭ ነው ብዬ ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«ሽያጭ ገበያ ነው፣ ልጄ። ለሁሉም አንድ አንድ ስጪ፤ ማንጎዬን ሸጬ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ አመጣለሁ» ብላ ወደ ጓዳ ተነሣች።

አሥራ አንድ ዕቃ ባንዴ መሸጥ ጥሩ ኮሚሽን ነበር። የሀምዲያ ማንጎ ግን የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው።

«ይቀመጡ፤ ዛሬ ለማሳየት ብቻ ነው ያመጣሁት» አለች ትሩፋት።

«አሳይቶ መንሳት! ሕፃን ነን እንዴ?» ሂባ ሳቀች።

«እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት አንቺ ቤት እናድርገው።»

የሂባ ሳቅ ቆመ። «እኔስ እንግዳዬን ላስከፍል? ሰው ምን ይለኛል?»

ትሩፋት ዕቃዎቿን መሰብሰብ ጀመረች። ሥራ ልትለቅ ማሰቧን ቢሮ ውስጥ ለማንም አለመናገሯ በጃት።