የጡት ወንድም

በኖቬምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ አሌክሳንድሪያ ባለው የጥገኝነት ቢሮ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሐበሾች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ከበሩ በኩል ጠበቃው ይድነቃቸው፣ መሃል ላይ ባለጉዳይዋ ሰአዳ እንድሪስ፣ ከግድግዳው በኩል ደግሞ ለማስተርጎም ስካይላይን ከሚባለው ሰፈር የመጡት ታክሲ ነጂው ጋሽ ጀላልዲን ነበሩ። ቀጠሯቸው ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ይድነቃቸው የጥብቅና ፈቃድ ካገኘ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከሁለት ዓመት በላይ የሠራው ቤት ሲሸጥና ሲገዛ ሰነድ በሚያጣራ ቢሮ ውስጥ ነበር። የሻጩ ስም ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር መግጠሙን፣ ባለቤቱ ሞቶ ከሆነም ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ያያል። ማንም አያናግረውም፤ እሱም ማንንም አያናግርም። ለዓይነ አፋር ሰው የተመቸ ሥራ ነበር። ለምን እንደተወው ለእናቱ እንኳ በቅጡ ማስረዳት አልቻለም። አንድ ቀን የአክስቱ ጎረቤት የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ወረቀት ይዛ መጥታ፣ "ጠበቃ አይደለህ? እስቲ ምን እንደሚል ንገረኝ" ብትለው፣ አንብቦ አንብቦ የሚላት አጣ። ያ ነገር ውስጡን ሲበላው ከረመ። ከአራት ወር በፊት ሥራውን ለቆ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የኢሚግሬሽን ቢሮ ካላት ከጠበቃ ጸዳለ ዘንድ እንደ ጀማሪ ገባ።

ጸዳለ በመጀመሪያው ቀን፣ "ቤት ስታሻሽጥ ብትሳሳት ወረቀቱ ይታረማል። እዚህ ብትሳሳት ሰው ይመለሳል" አለችው።

ዛሬ ያለ እሷ ብቻውን የገባበት የመጀመሪያው ኢንተርቪው ነው። እሷ ባልቲሞር ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላት።

የሰአዳ ጉዳይ ሲነገር አጭር ነው። ወንድሟ ሱሃይብ ታሰረ። ስንቅ ስታመላልስ፣ "የሱ እህት ነሽ" ተብላ ሁለት ጊዜ ተያዘች፤ በሁለተኛው አርባ ቀን ታስራ፣ ተደብድባ ወጣች። ጥያቄዋ ሁሉ የቆመው በዚያች አንድ ቃል ላይ ነው፤ እህቱ በመሆኗ።

ይድነቃቸው ልቡ አላርፍ ብሎት ፋይሉን ደግሞ ከፈተው። ዓይኑ ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ በመጣው የእስር ቤት ወረቀት ላይ አረፈ። "ሱሃይብ ሰይድ" ይላል። ወረቀቱን ተርጉሞ ያስገባው ሌላ ሰው ነበር። ፎርሙን ገለጠ። ወንድምና እህት በሚሞላበት ቦታ ላይ እሱ ራሱ የጻፈው "ሱሃይብ እንድሪስ" ይላል።

በድሮ ሥራው የአባት ስም አልገጥም ካለ አንድም ቀን አምልጦት አያውቅም። እዚህ ግን "ወንድሜ" ስትለው፣ የሐበሻ ወንድምና እህት የአባት ስማቸው አንድ ነው ብሎ፣ ሳይጠይቅ የራሷን አባት ስም ለጥፎበታል።

"ወይዘሮ ሰአዳ፣" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሱሃይብ አባት ማን ይባላሉ?"

"ሰይድ ነዋ፤ የአባቴ ታላቅ።"

"አጎትዎ? ታዲያ ሱሃይብ ወንድምዎ አይደለማ!"

"ማነው ወንድሜ ያልሆነው?" ዞር ብላ አየችው። "አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ ዛሬ?"

"የአጎት ልጅ ነው ለማለት ነው።"

"ባዳ አደረግከው እኮ!"

ጋሽ ጀላልዲን አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። "ጠበቃው፣ እኛ አገር የአጎቴ ልጅ ካልክ ተጣላችሁ ወይ ነው የሚሉህ። ላንተስ ቢሆን፣ አሁን መኪና ውስጥ 'ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ንዳ' ስትልህ አልነበር? በል እንግዲህ አንተም ፎርሙ ላይ ግባ!"

ሰአዳ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። ይድነቃቸው አልሳቀም። ሁለቱን ወረቀቶች ጉልበቷ ላይ አስቀምጦ አሳያት።

"ስሙን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ግን ሁለቱም ወረቀቶች እነሱ እጅ ገብተዋል። የሌለ ወንድም ፈጥራ ነው ቢሉስ?"

ሳቋ ጠፋ። "ይመልሱኛል?"

"አላውቅም" አለ። እውነቱን ነበር።

ሰአዳ ወረቀቶቹን መለሰችለትና፣ "ወንድሜ ነው እኮ" አለች። "እናቱ በወለደችው በሳምንቱ ሞተች። እኔም ጨቅላ ነበርኩ። እናቴ እኔን በአንድ ጡት፣ እሱን በአንድ ጡት አድርጋ ነው ያሳደገችን።"

"እንዲያ ከሆነማ አበቃ" አሉ ጋሽ ጀላልዲን። "የጡት ወንድም እንደ ሥጋ ወንድም ነው። ኒካሕ እንኳ አይታሰርላቸውም፤ መጋባት አይችሉም። አብሽር፣ ጠበቃው።"

ይድነቃቸው ግን አልተጽናናም። ወራሽ ሲያጣራ በነበረበት ጊዜ የጡት ወንድም የሚባል አጋጥሞት አያውቅም፤ ቢያጋጥመውም ከዝርዝሩ ያወጣው ነበር። ጸዳለ ጋ ደወለ። ስልኳ ዝግ ነው። እንደገና ደወለ።

"ዝም ብንልስ?" አለች ሰአዳ። "ላያዩት ይችላሉ።"

እሺ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር። "ካዩት እርስዎን ነው ውሸታም የሚሉዎት" አለ በመጨረሻ። "እኔ ቀድሜ ልናገር።"

በሩ ተከፈተና ስሟ ተጠራ።

ኦፊሰሯ መነጽር ያደረገች፣ ጎልማሳ ሴት ናት። ሁሉንም ካስማለች በኋላ የሚታረም ነገር እንዳለ ጠየቀች። ይድነቃቸው እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ስሙን የተሳሳተው እሱ እንደሆነ፣ ሳይጠይቅ እንደጻፈ ተናገረ። ኦፊሰሯ በፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ ሰማችውና ወደ ሰአዳ ዞረች።

"ሱሃይብ ምንሽ ነው?"

"ወንድሜ ነው። የእናቴን ጡት አብረን ጠብተናል።"

ጋሽ ጀላልዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኦፊሰሯን አዩ፤ ጠረጴዛውን አዩ። ቃሉን በማያውቋት ሴት ፊት ማውጣት ከበዳቸው። "አንድ ቤት ነው ያደጉት፤ አብረው ነው የበሉት" ብለው ተረጎሙ።

"ስለዚህ የአጎት ልጅ ነው" አለች ኦፊሰሯ፣ እየጻፈች።

ይህ ሲተረጎምላት ሰአዳ ግራ ተጋብታ ይድነቃቸውን አየችው። እሱ ቃሉ የት ላይ እንደጠፋ ሰምቷል። ጸዳለ ግን፣ "ጠበቃ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ አፍህን ያዝ" ብላዋለች። ጋሽ ጀላልዲንም በዕድሜ አባቱን ይሆናሉ፤ በሰው ፊት ተሳሳቱ እንዴት ይባላሉ? ኦፊሰሯ ወደሚቀጥለው ገጽ ልትሄድ ነው።

"ይቅርታ፣" አለ፤ ከአሰበው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። "ትርጉሙ ጎድሏል።"

ኦፊሰሯ ተራው እንዳልደረሰ ነገረችው።

"አውቃለሁ። ግን የጎደለው ቃል ጉዳዩን የሚወስነው ነው።" ወደ ሽማግሌው ዞሮ በአማርኛ፣ "ጋሽ ጀላልዲን፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ያለችውን እንዳለ ይናገሩላት" አለ።

"በሴት ፊት?"

"በሴት ፊት።"

"አስተግፊሩላህ!" አሉና ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩት።

ኦፊሰሯ ብዕሯን አቆመች። ስንት ወር እንደጠባ ጠየቀች፤ ማን እንደሚያውቅ ጠየቀች። በመጨረሻም፣ ይህ ሰው በሷ ዘንድ ከሌላ የአጎት ልጅ በምን እንደሚለይ ጠየቀች።

ሰአዳ አላመነታችም። "ሌላው የአጎቴ ልጅ ሲመጣ ፀጉሬን እሸፍናለሁ፤ ሊያገባኝ ይችላላ። ሱሃይብ ፊት ሸፍኜ አላውቅም። ሰፈሩ ሁሉ እህቱ ነው የሚለኝ፤ የያዙኝም ፖሊሶች እንዲያ ብለው ነው።"

ኦፊሰሯ ይህን ረዘም አድርጋ ጻፈች። ኢንተርቪው ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ወደ ፓርኪንጉ ሲሄዱ ጋሽ ጀላልዲን ኩርፊያቸውን አልደበቁም። "ቃሉ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያሳፍር ባወቅህ!" አሉ።

"ጋሼ፣ አጠፋሁ።"

"አላጠፋህም። ግን መመለሻው ላይ ከኋላ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ ነኝ የምነዳው።"

ኦፊሰሯ የሰአዳ እናት ስለ ማጥባታቸው በጽሑፍ እንዲመሰክሩ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጠች። ምስክርነቱ በዘጠነኛው ቀን ገባ። በፌብሩዋሪ ጥያቄዋ ተቀባይነት አገኘ።