ሁለት ደረጃ ለነጭ

ነጭ ነገር ፎቶ ማንሳት ጣጣው ብዙ ነው። ብርሃን መለኪያው እንደሆነ ሞኝ ነው፤ ነጭ ሲያሳዩት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ቀንሱ ይላል። እሱን ያመነ ሰው ፊልሙን ሲያጥብ ሙሽራዋ አመድ ተነስንሶባት ቁጭ! ፎቶ አንሺዋ ይህን የተማረችው ተዋርዳ ነው። ገና ሥራ ስትጀምር የሰፈሩን ላውንድሪ ቤት ባለቤትና ሚስቱን የሠርጋቸው ዕለት አንስታ ቀሚሱ ግራጫ ሆኖ ወጣባት፤ ሰውየው በሰው ፊት አፈር ድሜ አስጋጣት። ከዚያ ወዲህ ነጭ ባየች ቁጥር ብርሃን እንዲጨምር መለኪያው ካላት ላይ ሌንሷን ሁለት ደረጃ ትከፍታለች። የተበላሸውንም ፎቶ ለማስጠንቀቂያ ብላ ጨለማ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

ታዲያ የዛሬዋ ሙሽራ የገዛ ታናሽ እህቷ ናት፤ ጡት ብቻ ሲቀራት እንደ እናት ያሳደገቻት ልጅ። ሙሽራው ደግሞ ያው ላውንድሪ ቤት ያለው ሰውዬ። የፊተኛዋ ሚስቱ ጥላው እንደጠፋች ነው የሚያወራው። የሠርግ ቀሚሷንም አጥቦ ለአዲሷ አመጣው፤ ከፊተኛው ሠርግ ቀን ወዲህ ማንም እንዳልለበሰው ምሎ ተገዝቷል። ልጅቷ ቆጣቢ ባል አገኘሁ ብላ ሳቀች። ትልቋ ቅር ቢላትም ደስታዋን ላለማደፍረስ ዋጥ አደረገችው።

ጠዋት ፎቶ ሲነሱ ሰውየው ከኋላ ቆሞ ነጩ ቦግ ብሎ ይውጣ፣ አደራ እያለ ሲጨቀጭቃት ነበር። ልጅቷ ቀሚሱን ለብሳ ከመጋረጃው ፊት ስትቆም ግን ፎቶ አንሺዋን እንባ ተናነቃት፤ ሌንሷን መክፈቱን ረስታ የመጀመሪያውን እንዲሁ አነሳችው። ወዲያው ራሷን ረግማ የቀሩትን በደንቡ አነሳች።

ከሰዓት በኋላ ጨለማ ክፍል ገብታ አጠበች። ሁሉም አምረው ወጡ። የመጀመሪያው ብቻ አመድማ ሆነ። ልትቀደው ስትል አንገትጌው አጠገብ አንድ ነገር ዓይኗን ያዛት። እጅ ነው። አራት ጣት ትከሻው ላይ፣ አውራ ጣቱ ወደ ጉሮሮ የዞረ። ታጥቦ ታጥቦ ለዓይን የጠፋ እድፍ፤ ነጩ ሲጠቁር ግን ፍንትው ብሎ ወጥቷል። የቀሩት ላይ ፈለገችው፣ የለም፤ የከፈተችው ብርሃን ውጦታል። ግድግዳው ላይ ያለውን የድሮ ፎቶ አየች። ያው ቀሚስ፣ ያው ግራጫ፣ አንገትጌው ግን ንጹሕ ነው። ከሠርጉ በኋላ ማንም አልለበሰውም አላለም እንዴ?

ሰውየው ፎቶውን ሊወስድ መጥቶ ኖሮ ድምፁን ሰማች። ያማሩትን ብቻ ይዛ ወጣች። አብራው የመጣችው እህቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እሱ አንድ በአንድ አገላበጠና ፈገግ አለ።

«የመጀመሪያዋስ?»

መለኪያውን ተከትላ እንዳበላሸችው ነገረችው። ፈገግታው ጠፋ።

«ከነኔጋቲቩ ይስጡኝ፣ እትዬ» አለ በለሆሳስ።

ይህን ሲል እጁን እህቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። አራቱ ጣቶች ትከሻዋ ላይ፣ አውራ ጣቱ ጉሮሮዋ ሥር። ቦታውን አልሳተም።

ፎቶ አንሺዋ እንደ ምንም ብላ ድምፅዋን አስተካከለችና እሺ አለችው፤ ልጅቷንም ነይ ኔጋቲቩን አብረን እንፈልግ ብላ እጇን ይዛ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባቻት። በሩን ከውስጥ ሸጎረችው። ቀዩ መብራት ሥር አመድማውን ፎቶ ሰጥታ አንገትጌውን በጣቷ ጠቆመቻት።

ልጅቷ ቀና አለችና ግድግዳው ላይ ያለውን አየች፤ መልሳ የያዘችውን አየች። ከዚያ አሁን እጁ ያረፈበትን ትከሻዋን ዳበሰች።

«እታለም፣ እሷ ጠፍታ አይደለም» አለች።

ከበሩ ማዶ ሰውየው የመንገዱን በር ቀስ ብሎ ከውስጥ ሲቀረቅር ተሰማቸው።