አርፈዋል

"ሕይወት የት ሄደች? ሕይወትን ጥሩልኝ" ይላል ዶክተር ብሥራት ከኮሪደሩ።

ሕይወት አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብታ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። ስሟ በተጠራ ቁጥር ልቧ ደረቷን ይደበድባል። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው ጥድ በር ሆስፒታል ለልምምድ የተመደበች ጊዜ አባቷ በትውልድ ከተማዋ አዘና ላገኙት ሁሉ "ዶክተሯ ልጄ" እያሉ አውርተው ነበር። ኮሮና መጣና ዶክተሯ መርዶ ነጋሪ ሆና አረፈችው።

ከተለማማጆቹ መካከል አዊኛ የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ከየገጠሩ የሚመጣው ሕመምተኛ ደግሞ አብዛኛው አዊኛ ተናጋሪ ነው። መጀመሪያ "የት ጋ ነው የሚያምዎት?" እያለች አስተረጎመች። ሰው መሞት ሲጀምር "ቋንቋውን ትችይ የለም፣ በር ላይ ያሉትን ንገሪያቸው" ተባለች። ነገረች። ከዚያ ወዲህ የሞተ ሁሉ የእሷ ሆነ። በአገሩ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው የሚነገረው። እሷ ግን ገና ልጅ እግር፣ ጭምብል አጥልቃ፣ ለመራራቅ ከተዘረጋው ገመድ ማዶ ቆማ ባልሽ ሞቷል፣ ልጅህ ሞቷል ትላለች። አንድ የዳንግላ ገበሬ የወንድሙን ሞት ስትነግረው አላለቀሰም። አያት፣ አያትና "ልጄ፣ እናንተ አገር ሽማግሌ የለም?" አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

ባለፈው ሳምንት አስፋልት ስትሻገር አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ መጣባት። እግሯ አልፈጥንም አላት፤ እሷም አላጣደፈችውም። ሹፌሩ መሪውን ጠምዝዞ ካለፋት በኋላ በመስኮት ብቅ ብሎ የስድብ መዓት አወረደባት። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

በሩ ተንኳኳ። "እኔ ነኝ፣ መርዋን" አለ ከውጭ። መርዋን የዳንግላ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ አብረው ነው የተማሩት።

"ማን ነው የሞተው?" አለች ሳትከፍት።

"የአዲስ ቅዳሙ፣ ጋሼ ቢሻው።"

ከሰል አክሳዩ ናቸው። ትናንት ኦክስጅኑን እያወለቁ "ከሰሉን አፈር አልብሼው ነው የመጣሁት፤ ካልጠበቁት ይነድብኛል" ሲሏት ነበር፤ ከእሷ በቀር የሚሰማቸው ስላልነበረ።

"ባለቤታቸው በር ላይ ናቸው" አለ መርዋን። "ብቻቸውን።"

"አልሄድም።"

"ሕይወት፣ አዊኛ ብችል እኔ እሄድልሽ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ። ግን አልሄድም።"

በሩን ከፍታ ወጣች። ዶክተር ብሥራት ኮሪደሩ መሀል ቆሞ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም ይላሉ። ይሁን። ዓይኑ ቀልቷል፣ እሱም አልተኛም፤ ያም ይሁን። ግን ሰው ከአጠገቡ ሲወድቅ ወለሉን አጽዱ የሚል ዓይነት ነው። የክፍል ጓደኛቸው ቤዛዊት እያለቀሰች ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ የሄደች ጊዜ፣ በሳምንቱ ስለ ጭንቀት ሥልጠና የሚሰጥ ሰው አስመጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሠልጣኙ "በረጅሙ ተንፍሱ" አላቸው፤ በዚያው ሰዓት ታማሚው ክፍል ውስጥ የሚተነፈስ ኦክስጅን አልነበረም።

"የት ነበርሽ? ሴትየዋ እየጠበቁ ነው። የቀብር መኪናው ከሰዓት ይመጣል፣ ቶሎ ንገሪያቸው።"

"አልነግርም፣ ዶክተር። ዘመድ ይጠራላቸው።"

"ይሄ ሆስፒታል ነው፣ ዕድር አይደለም። ሁላችንም ደክሞናል። ምዘናሽን የምሞላው እኔ መሆኔን ደግሞ አትርሺ። ከወደቅሽ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።"

"እንደፈለጉ ይሙሉት።"

መርዋን ቀና ብሎ አያት። ዶክተር ብሥራት የጋዋኑን ቁልፍ ነካካ። "እሺ፣ እኔው እሄዳለሁ። በዚህ ዘመን አማርኛ የማይሰማ የለም" ብሎ ወጣ።

ብዙም አልቆየም። ሲመለስ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር። "አለቀ" አለ እጁን እያጸዳ። "ይሄን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። እንዲያውም ተመስገን አሉኝ። ጠንካራ ሴት ናቸው።"

"ተመስገን አሉ?"

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ መስኮቱ ሄደች። የጋሼ ቢሻው ባለቤት ወይዘሮ እናትነሽ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ከዘበኛው ጋር ያወራሉ። ነጠላቸው አልተዘቀዘቀም። ፈገግ ይላሉ።

ወጣች። ወይዘሮ እናትነሽ ሲያይዋት ተነሡና በአዊኛ "መጣሽ ልጄ" አሏት። "ያ ትልቁ ዶክተር ከድካሙ አርፏል አለኝ። ተመስገን ነው። ስንት ቀን ሲያቃትት ሰንብቶ፣ ይረፍ እንጂ። ሲነቃ ይሄን ስጪልኝ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

ፔርሙዝ ነበር፤ አጥሚት። ሕይወት ተቀበለችና ቆማ ቀረች። ወይዘሮ እናትነሽ አማርኛን የሚያውቁት ከገበያ ነው፤ የከሰል ዋጋ ለመከራከር ይበቃቸዋል። በእሳቸው አማርኛ ያረፈ ሰው ጋደም ያለ ሰው ነው። ዶክተሩ ሞቱ የምትለዋን ቃል ፈርቶ በአክብሮት ሸፍኖ ተናገረ፤ ተናግሮም እጁን ታጠበ።

"እናቴ፣ ስልክ ያለው ዘመድ ከቤት ማን አለ?"

"ወንድሙ አለ፣ ይኸነው። ምነው?"

"መጥተው ይጠይቁ ብዬ ነው" ብላ ዋሸች። ቁጥሩን ተቀብላ ራቅ አለችና ደወለች። "ጋሼ ይኸነው፣ ከሆስፒታል ነው። ሽማግሌ ይዘው ይምጡ። ወይዘሮ እናትነሽ ጋ እንዳይደውሉ።"

"ገባኝ ልጄ" አለ ይኸነው። "እግዜር ይስጥሽ፣ ለእኛ ስለነገርሽ።"

ሕይወት ተመልሳ ፔርሙዙን ዶክተር ብሥራት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አጥሚት ነው። ጋሼ ቢሻው ሲነቁ እንዲጠጡት።"

"አርፈዋል ብያቸዋለሁ እኮ።"

"ተኝተዋል ያሏቸው ነው የመሰላቸው። ተመስገን ያሉት ለዚያ ነው።"

ዶክተር ብሥራት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፔርሙዙን አየ፣ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ያቺን ታህል ጊዜ ሰው መሰለ። ከዚያ ቀና ሳይል "እንግዲያው ሄደሽ አስተካክይው" አላት።

ደሟ ፈላ። ድምፅዋ ግን አልጮኸም።

"አላስተካክልም። ሽማግሌዎቹ በመንገድ ላይ ናቸው፣ መኪናው ይጠብቃቸዋል። እርስዎም አብረዋቸው ይቆማሉ። እንዴት ሞተ ብለው ይጠይቃሉ፤ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

"አንቺ ማን ሆነሽ ነው እኔን የምታዥው?"

"ሕመምተኛ ነኝ።"

"ደክሞሻል፣ ይገባኛል..."

"ደክሞኛል አላልኩም። ታምሜያለሁ ነው ያልኩት። ባለፈው አይሱዙ ሲመጣብኝ አልሸሸሁም፣ ዶክተር። ቤዛዊት ቤቷ ሄደች። እኔ የምሄደው ወደ ቤት አልነበረም።"

መርዋን በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ዶክተር ብሥራት ተነሥቶ ጭምብሉን አጠለቀና ሽማግሌዎቹን ሊጠብቅ ወደ ግቢው በር ወጣ።

ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ መጡ። ተራርቀው ቆሙ። በዕድሜ የሚበልጡት ባርኔጣቸውን አውልቀው በአዊኛ፣ ከሩቅ ጀምረው፣ ቀስ እያሉ ነገሩ። ወይዘሮ እናትነሽ ነገሩ ሳያልቅ ገባቸው። ሲወድቁ የያዛቸው ሰው ነበር። ዶክተር ብሥራት እጁን አጣምሮ ከኋላ ቆመ፤ ሲጠየቅም በአማርኛ "ሞቱ" አለ፣ በደፈናው ሳይሆን እንዴት እንደሞቱ እየተናገረ። ይኸነው ለሽማግሌዎቹ አስተረጎመው። ሕይወት ቃል አልተነፈሰችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ዳር ቆማ አለቀሰች።

ወደ ግቢው ስትመለስ ከታማሚው ክፍል መስኮት አንዲት ነርስ ብቅ አለች። "ሕይወት፣ ቶሎ ነይ፣ በአዊኛ የሚያናግር ጠፋ" አለች።

ልቧ እንደ ልማዱ መታ። እግሯ ግን ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄደ። መርዋን ተከተላት።

"ስንታየሁ፣ ካርድ አውጪልኝ" አለች።

"ለየትኛዋ ታማሚ?" አለች የካርድ ክፍሏ ስንታየሁ፣ እስክሪብቶዋን እያነሳች።

"ለእኔ።"

ስንታየሁ በመስታወቱ ቀዳዳ አየቻት። ከላይ ነርሷ ደግማ ተጣራች።

"እየጠሩሽ ነው" አለ መርዋን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ምን ልበላቸው?"

"ታማለች በላቸው" አለችና ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብላ ስሟን ከነአባቷ ተናገረች።