ዲስኮና የአልታየች ባና

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል የቆየው ብሂል። መምህር ዘርአ ዳዊት ይህን ብሂል በክፍል ውስጥ ሲተነትን አንድ ከበሮ ብቻ ለይቶ ያወጣ ነበር። የዲስኮ ከበሮ፣ በእርሱ አስተያየት፣ በሰው እጅም ቢሆን አያምርም።

አስተያየቱን የያዘው ከሩቅ ሆኖ አልነበረም። በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ በወይዘሮ እናናየሁ ግቢ ተከራይቶ ሲኖር፣ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ያለችውን ክፍል የያዘው በሽር የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበር። በሽር ከቆላ በርበሬና ጥጥ እያወጣ ይሸጣል። ፀጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ ከጉልበቱ በታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሶ ከገበያ ሲመለስ ከሶላቱ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ቴፑን መክፈት ነው። ካሴቶቹን ድሬዳዋ ያለ የአጎቱ ልጅ ይልክለታል። መምህሩ ደብተር ሲያርም ግድግዳው ይመታል፤ መጽሐፍ ሲያነብ ግድግዳው ይመታል።

በታኅሣሥ ወር የወጣቶች ማኅበር ስለ ባዕድ ሙዚቃ ንግግር እንዲያደርግ በጠየቀው ጊዜ መምህሩ ለመዘጋጀት ብዙ አልደከመም። በቀበሌው አዳራሽ ቆሞ የዲስኮን ነቀፋዎች በተራ አስረዳ። ቃሉ ትርጉም የለውም፤ አንዲት ሐረግ እንደ ውዳሴ ትደጋገማለች። ዘፈኑ መጨረሻ የለውም፤ ስለታከተው እንጂ ስለተፈጸመ አያቆምም። ከሁሉ የከፋው ግን ከበሮው ነው። «የሰው ልብ እንኳ» አለ መምህሩ፣ «በኀዘን ይዘገያል፣ በደስታ ይፈጥናል። ይህ ከበሮ ግን አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ወፍጮ ነው።»

በሽር ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ እንዲናገር ተፈቀደለት።

«መምህር፣ ወፍጮን ሰድበው ማታ ምን ሊበሉ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ በትዕግሥት ጠብቆ፣ ወፍጮ የሚመሰገነው በወፍጮ ቤት መሆኑን አስረድቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች በተገናኙ ቁጥር ሰላምታቸው ይኸው ሆነ። በሽር «ወፍጮው ዛሬ እንዳይረብሽዎት» ይላል፤ መምህሩም «እህል እንዳያልቅበት» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መልክ የሚጣሉ ሰዎች መዋደዳቸው አይቀርም።

ጥር ሲገባ የግቢው ሰው ሁሉ ሐሳብ ወደ ሠርግ ዞረ። የወይዘሮ እናናየሁ ልጅ አልታየች ለአንኮበር ሰው ልትዳር ነው። የአንኮበርን ጉም የሚያውቅ ሰው ወይዘሮ እናናየሁ ለልጃቸው ምን እንዳሰቡ አይጠይቅም፤ ባና፣ ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው። ክረምቱን በሙሉ የገዛ በጎቻቸውን ጥቁር ጠጉር በእንዝርት ሲፈትሉ ከርመዋል። የፈተሉትንም የሰፈሩ ሸማኔ አቶ ወልደ ሰንበት ሠርተውላቸዋል።

ከሸማኔው እጅ የወጣ ባና ግን ገና ባና አይደለም። ሳስቶ የተንዘረፈፈ ጨርቅ ነው፤ ነፋስም ውኃም ያሳልፋል። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ፣ የፈላ ውኃ እየፈሰሰበት፣ ሰዎች በባዶ እግራቸው ዙሪያውን ሲረግጡት ነው የሚጠብቅ፣ የሚወፍር፣ ዝናብ የሚመልስ። ረገጣው ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። በአንድ ወገን እግር ከፈጠነ ያ ወገን ይኮማተራል፤ ሌላው ልል እንደሆነ ይቀራል። እንዲህ የተጣመመ ባና መድኃኒት የለውም፤ የተረገጠ ጠጉር ተመልሶ አይፈታምና። ስለዚህ ረጋጮቹን በዘፈን የሚመራ አንድ ሰው ያስፈልጋል። በዚያ ሰፈር ይህ ሰው ራሳቸው አቶ ወልደ ሰንበት ነበሩ። ተንበርክከው በእጃቸው የጨርቁን ዳር እየዳሰሱ፣ በድምፃቸው እግሩን ሁሉ ይነዱታል።

ሠርጉ እሑድ ሆኖ ባናው ሐሙስ እንዲረገጥ ተቆረጠ። ረቡዕ ዕለት የአቶ ወልደ ሰንበት ጉሮሮ በብርድ ተዘጋ።

ሽማግሌው ሐሙስ በጠዋት አንገታቸውን በነጠላ ጠምጥመው መጡ። ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ አልነበራቸውም። ጨርቁ ግን ተነክሯል፣ በርሜሉ ፈልቷል፣ ረጋጮቹም ሱሪያቸውን ሰብስበዋል። የሙሽራይቱ ወንድም ይሁኔ፣ ለሠርጉ የመጣው ከበሮ ከቤት እንዲወጣለት ጠየቀና በአንገቱ አጠለቀው። መምራት ማለት ከበሮ መምታት ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም በየሠርጉ ሲመታ እንደኖረ ተናገረ።

መምህሩ ከክፍሉ ደጃፍ መጽሐፉን ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ የሚያስተምረው ከሰዓት በኋላ ነው። ይሁኔ አጀማመሩን አሳመረ። ረጋጮቹም ተቀበሉት፤ እንፋሎቱ ከእግራቸው ሥር ተነሣ። ጥቂት እንደቆየ ግን ይሁኔ ሞቀው። ከበሮ መቺ ሲሞቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ እጁ ፈጠነ። ረጋጮቹም ፈጠኑ። በአንድ ማዕዘን ያሉት ሁለቱ ትከሻቸውን ሲያስነኩት የቀሩት ቆመው አጨበጨቡላቸው። ሠርጉ ከቀኑ ቀድሞ የገባ መሰለ።

አቶ ወልደ ሰንበት እጃቸውን አነሡ። ሁሉም ቆመ። ሽማግሌው በዚያ ማዕዘን ያለውን የጨርቁን ዳር በጣታቸው አንሥተው አሳዩ፤ መኮማተር ጀምሯል።

ይሁኔ ከበሮውን አወለቀ። ሌላ ሰው ተቀበለው፤ እርሱም ከመቀመጫው ሳይደላደል ፈጠነ። ሦስተኛው ደግሞ እንዳይፈጥን ሲጠነቀቅ እየዘገየ ሄደና ረጋጮቹ እርስ በርሳቸው ተጋጩ። ባናው መቀዝቀዝ ጀመረ። በመካከል የቀዘቀዘ ባና ደግሞ እንደተጣመመው ያው ነው። የወይዘሮ እናናየሁ የክረምት ፈትል ሁሉ ዐይናቸው ሥር ተዘርግቷል። አልታየች ወደ እናቷ ቀርባ እጃቸውን ያዘች።

መምህሩ መጽሐፉን አጠፈ። የሚያስፈልገው ነገር በአእምሮው ውስጥ ተጽፎ፣ በራሱ አፍም ተነግሮ ነበር። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። በአዳራሹ የተናገረውን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሊውጠው መሆኑን ያውቃል። ይህንም ዐውቆ ተነሣና ወደ በሽር በር ሄደ።

«በሽር፣ ቴፕህን አምጣልኝ።»

በሽር ለገበያ በርበሬ ሲሰፍር ነበር። ቀና ብሎ አየው።

«ሊሰብሩት ነው?»

«ባና ልናስረግጥበት ነው።»

በሽር ስፍሩን ከረጢቱ ላይ አስቀመጠ። ሳቁን አፍኖ የትኛውን ካሴት እንደሚሻ ጠየቀው።

«ሴትየዋ አንዲቱን ቃል የምትመላልስባትን። ከሁሉ የምታሰለቸዋን። ሰኞ የከፈትኸውን አይደለም፤ እርሱ መካከሉ ላይ ይንገዳገዳል።»

«መምህር፣ ለካስ ሲያዳምጡ ኖረዋል!»

«ግድግዳው ነው የሚያዳምጠው። እኔ ከግድግዳው ጋር እኖራለሁ።»

ቴፑ የባትሪ ድንጋዩን ጎርሶ በጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ በዱካ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሌላ በርሜል ትኩስ ውኃ ፈሰሰ። የዲስኮው ከበሮ ዱብ ዱብ ማለት ሲጀምር ረጋጮቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ አማተበ። መምህሩ ግን ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወደ ጨርቁ ገባ። ቀጥ ባለ አንገትና በታላቅ ጥሞና፣ ቅኔ የሚዘርፍ እስኪመስል ድረስ፣ ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ ረገጠ። ያን ጊዜ የቀሩት ተከተሉት። በሽርም በርበሬውን ትቶ ገባ።

ይህ ከበሮ አልሞቀውም። ቢጨበጨብለት አይሰማም፤ እልል ቢባልለት አይፈጥንም። ሊያስነኩት የከጀሉት ሁለቱ የማዕዘን ሰዎች እንኳ ወደ ልካቸው ተመለሱ። ውኃው ከጨርቁ ውስጥ እየጠራ ይወጣል፤ ጨርቁም ከእግራቸው ሥር ከአራቱም ወገን እኩል ይሰበሰባል። ያ መኮማተር የጀመረው ማዕዘን ሌላው እስኪደርስበት ድረስ በአቶ ወልደ ሰንበት ምልክት ሳይረገጥ ቆየ፤ ከዚያም ከሌላው ጋር አብሮ ሄደ። ካሴቱ ሲያልቅ በሽር ከጨርቁ ሳይወርድ እጁን ዘርግቶ ገለበጠው።

ሽማግሌው ዳሩን እየዳሰሱ ወደ ቴፑ ሲመለከቱ ቆዩና መምህሩን በጣታቸው ጠሩት። ጎንበስ አለላቸው።

«ይህ መቺ አይደክመውም?» አሉ በሹክሹክታ።

«እስካሁን ደክሞት አላየሁም።»

«እንግዲያው ከሸማኔ ቤት የተወለደ ነው።»

ቃላቸው ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ ረጋጮቹን በሳቅ አነቃነቀ፤ እግራቸው ግን ከምቱ አልወጣም። ወደ ማለቂያው ላይ የባትሪ ድንጋዩ ደከመ። ከበሮው ቀስ በቀስ ዘገየ፤ የሴትየዋም ድምፅ እየወፈረ ሄዶ የወንድ ሆነ። መምህሩ ደንግጦ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። እርሳቸው ግን ራሳቸውን በደስታ ነቀነቁ፤ ባና ሊያበቃ ሲል ረገጣው መዝገም ይገባዋል።

«እሷንም ብርድ መታት» አለ ይሁኔ። «እንደ ጋሽ ወልደ ሰንበት ጉሮሮዋ ተዘጋ።»

አቶ ወልደ ሰንበት ድምፅ በሌለው ሳቅ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ባናው ተነሥቶ በአጥሩ ላይ ሲዘረጋ አራቱም ማዕዘን ልክ ለልክ ወጣ። ወይዘሮ እናናየሁ መዳፋቸውን በላዩ አሳልፈው፣ አልፈው ተመልሰው ዳስሰው፣ ረዥም እልልታ አቀለጡ። ከዚያም መምህሩንና በሽርን ግንባር ግንባራቸውን ሳሟቸው። እሑድ ዕለት አልታየች ባናውን ይዛ አንኮበር ወጣች።

ከሠርጉ በኋላ በሽር መምህሩን አስተያየቱ ተለውጦ እንደሆነ ጠየቀው። መምህር ዘርአ ዳዊት፣ እንደ ልማዱ፣ ጉዳዩን ከፋፍሎ መለሰ። ቃሉ አሁንም ትርጉም የለውም፤ ዘፈኑም አሁንም መጨረሻ የለውም።

«ከበሮውስ?»

«ከበሮውን በሰው እጅ ሳየው አላማረኝም ነበር» አለ መምህሩ። «ስይዘው ግን አላደናገረኝም።»

የአቶ ወልደ ሰንበት ድምፅ በመጋቢት ተመለሰ። በሚያዝያ ሌላ ባና ሲያስረግጡ ቴፑን ከበሽር ተዋሱ።